ያለ ሰዓታቸው የማይነገሩ ቃላት

ባለፈው ሳምንት ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመ ጎረምሳ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ጉድ ሞርኒንግ! ጉድ ሞርኒንግ!» ሲል ሰማሁት። ሠራተኞቹ ምሳቸውን በልተው ተመልሰዋል፤ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ አዘንብላለች። ምናልባት የሚያናግረው ሰው ያለበት አገር ገና እየነጋ ይሆናል። ያንን የማሰብ ትዕግሥት ግን የለኝም። «ውጣና ተመለስ» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። የሰው ልጅ ነው፤ ምን አገባኝ?

እኔ መምህር ሆኜ አላውቅም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። መምህሩ አባቴ ነው፤ ይህን ጠባይ ያወረሰኝም እሱ ነው።

አባቴ እዚሁ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት፤ ባጃጅ አልነበረም፣ በጋሪ ወይም በእግር ነበር የምንሄደው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሚሠራ አባቴ አንዳንዱን ዓመት ጠዋት፣ አንዳንዱን ዓመት ከሰዓት ይገባል። ልጆቹ ደግሞ መምህር ሲገባ ብድግ ብለው የሚዘምሩት አንድ ዜማ ብቻ ነው፦ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» ከሰዓት ፈረቃም ቢሆን፣ ፀሐይ አናታቸውን ስትበሳ ውላም ቢሆን፣ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» አባቴ ይህን ሲሰማ አይቆጣም፤ አይማታምም። «ውጡና ተመለሱ» ይላል። ክፍሉ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ሜዳው ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ተመልሶ ገብቶ «ጉድ አፍተርኑን» ካለ ብቻ አባቴ «ሲት ዳውን» ይላል። ሳይወጡና ሳያዩ ቢያርሙት አይቀበልም ነበር። ዳይሬክተሩ ስንት ጊዜ «ጓድ መምህር፣ ልጆቹን ሜዳ ላይ ምን ያስቆማቸዋል?» ብለውታል መሰላችሁ።

ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። አባቴ ሸዋ ገጠር ውስጥ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት የደገመ ሰው ነው። የጸሎት ሰዓቶች ሰባት እንደሆኑ፣ አንዱ የሌላውን ቦታ እንደማይወስድ ከየኔታ ተምሮ ነው ያደገው። «የነግህን ጸሎት በሠርክ የሚያደርስ ቄስ አይተሻል?» ይለኝ ነበር። ይህን የሚለው ግን ቤት ውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ያኔ መምህር የሆነ ሰው በውይይት ክበብ ውስጥ የሚያወራው ሌላ ነገር ነበር።

እናቴ ደግሞ «እኔ ያገባሁት መምህር ነው ብዬ ነበር፤ ለካ የፀሐይ ተቆጣጣሪ ኖሯል» ትላለች። ቀልደኛ ነበረች፤ በተለይ ስትፈራ።

እኔ ትምህርት በጨረስኩበት ዓመት የምትፈራው ነገር ነበራት። አባቴ ዓይኑ እየደከመ ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የታየው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው አለው፤ ብርሃኑ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ይሄዳል፣ የጠፋው አይመለስም አለው። ይህን የምናውቀው እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ትምህርት ቤቱ እንዲያውቅ አባቴ አልፈለገም። ቤታችን በሱ ደመወዝ ነው የሚተዳደረው፤ እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ቀርቶ ቤት ተቀምጫለሁ። በዚህ ላይ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት መቆም የማይችልበትን ቀን ከሞት እኩል ይፈራው ነበር።

ሐይቁ ዳር ያለው የመንግሥት ሆቴል በሰኔ ወር እንግዳ ተቀባይ ፈትኖ ሊቀጥር መሆኑን የሰማው እሱ ነው። እንግሊዝኛ ያስፈልጋል፤ የኩባና የራሺያ አማካሪዎች፣ የእርዳታ ድርጅት ፈረንጆች የሚያርፉት እዚያ ነበርና። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ በሙሉ በዚህ ላይ ተንጠለጠለ፦ ዓይኑ ሳያጋልጠው በፊት እኔ ሥራ መያዝ አለብኝ። እስከዚያ እሱ የሚያይ ይምሰል፣ እኛም የሚያይ የመሰለን እንምሰል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የኔ እንግሊዝኛ የወረቀት እንግሊዝኛ ነበር። ፓሲቭ ቮይስ ስጡኝ ስገለብጥ እውላለሁ፤ ፈረንጅ ፊቴ ቆሞ «ሃሎ» ሲለኝ ግን ላብ ያጠምቀኛል። አባቴ ይህን ያውቃል። «እንግዳ ተቀባይ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሰላምታ ነው» አለ። «ሰላምታ ደግሞ ሰዓት ነው። ከሰዓቱ እንጀምር።»

እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ጠረጴዛ ጋ ቁጭ አልኩ። እሱ ሳቀብኝ።

«ነገ ሰዓት እላፊው ሲነሳ እንወጣለን» አለ። «ይህን ቃል ቤት ውስጥ አላስተምርሽም።»

እንዲህ ነው ትምህርታችን የተጀመረው። እያንዳንዱን ቃል በራሱ ሰዓት፣ ከቤት ውጭ፣ ብርሃኑ ላይ ቆመን። ከሰዓቱ ውጪ ያንን ቃል መጥራት ክልክል ነው። «ቃል እንደ ዓሣ ነው» ይል ነበር፤ «ትኩሱን ካልወሰድሽው ይሸታል።»

የመጀመሪያው ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚያቆሙበት አሞራ ገደል ሄድን። ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ጀልባዎቹ አይታዩም፤ የመቅዘፊያቸው ድምፅ ብቻ ይሰማል። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ዳር ዳሩን ተሰልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመሩ የቀበሌ ሊቀመናብርት ቆመው ዓሣውን ይጠባበቃሉ። እኔ በርዶኝ፣ እንቅልፌ አልለቀቀኝም፣ ተነጫነጭኩ። «በላ ንገረኝና እንሂድ» አልኩት።

«ዝም በይ። ገና ነው።»

ቆምን። ከኋላችን ከከተማው በላይ ሰማዩ ነጣ ማለት ጀመረ፤ ከሐይቁ ማዶ ያሉት ተራሮች ጫፋቸው መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ የበሰለ ፓፓያ ልጣጭ መሰለ። አንድ ጀልባ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ።

«ዶን» አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ።

«ዶን» አልኩ።

ጎናችን መረቡን የሚያራግፍ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበር። የሲዳማ ሰው ነው፤ አማርኛውን ረጋ እያለ፣ ቃል እየመረጠ ይናገራል። ቀና ብሎ አየንና «መምህር፣ ልጅቷን ምን እያልካት ነው?» አለ።

«ይህን ሰዓት ፈረንጆች ምን እንደሚሉት ነው።»

«ስም ሰጡት? እኛም ስም አለን» አለና በሲዳምኛ ነገረው። አባቴ አፉ እስኪይዘው ደጋግሞ አለው። ሽማግሌው በአባቴ ምላስ ሳቀ፤ ከዚያ በተራው የኛን ቃል ሞክሮ በሱም ሳቀ። ከዚያን ቀን በኋላ አሞራ ገደል ባለፍኩ ቁጥር መረቡን ጥሎ «ዶን! ዶን መጣች!» ይለኝ ጀመር። የቀን እኩሌታ ላይም ያየኝ እንደሆነ እንደዚያው ነው የሚጠራኝ። አባቴ በዚህ ሰው ላይ ግን ሕጉን አላስከበረም። «እሱ ቃሉን አይደለም የሚጠራው፤ አንቺን ነው» አለኝ።

«ሞርኒንግን» የተማርኩት በራችን ላይ፣ ልጆች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት ሲጎርፉ ነው። ያ ቀላል ነበር። ጣጣው የመጣው ረፋድ ላይ ነው። አባቴ ለረፋድ የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል አጣ። የነበረውን መዝገበ ቃላት ሁሉ አገላበጠ፤ በአጉሊ መነጽር፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ። የማታ ማታ ያገኘው «ሌት ሞርኒንግ» የሚል ነበር።

«ይሄ ስም አይደለም፣ ወቀሳ ነው» አለ ተናዶ። «ረፋድ ምን አጠፋና ነው የዘገየ የሚባለው?»

«ፈረንጆች ረፋድ የላቸውም?» አለች እናቴ።

«የላቸውም።»

«ምስኪኖች! ታዲያ ጎረቤት የሚጠያየቁት መቼ ነው?»

ረፋድን በአማርኛው ተውነው። እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ስም የለውም፣ ለኔ።

ለቀትር ጉዱማሌ ሜዳ ወሰደኝ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ፣ በሚከበርበት ጊዜ ሰው የሚሞላው ሜዳ ያን ቀን ባዶ ነው፤ ከብቶች ዛፍ ጥላ ሥር ተኝተዋል። መሐል ላይ አቆመኝ። «ጥላሽን ፈልጊ» አለኝ። ዞርኩ፤ የለም፤ እግሬ ሥር ገብቷል። «ኑን» አለ። እሱ ራሱ ያን ሰዓት ይወደው ነበር። ቀትር ላይ ብርሃኑ ስለሚበረታ በቀረችው የዓይኑ ብርሃን ደህና ያያል። ላሞቹን በቀለማቸው እየለየ ነገረኝ፤ ቡላ፣ ዳለቻ፣ ቀይ። ልጅ ይመስል ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ እስከ ማሰብ ደረስኩ።

ሐኪሙ እንዳልተሳሳተ ያወቅኩት ከከተማው አጠገብ ያለው ታቦር ኮረብታ ላይ ነው። «ዳስክ» ለተባለው ቃል ኮረብታው ወገብ ላይ ወጣን። ከዚያ ሆኖ ሐይቁ ይታያል፤ ፀሐይ ማዶ ስትጠልቅ ውሃው ይቀላና ከዚያ ይጠቁራል። ስንወጣ እሱ ነበር የመራኝ። ቃሉን ነገረኝ፤ ደገምኩት። «አጭር ቃል ነው፣ ሰዓቱም አጭር ነው» አለና ለመውረድ ተነሣ። አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ መሬቱን ዳሰሰ። ለኔ ገና ብርሃን ነበር፤ ድንጋዩም መንገዱም ይታየኛል። ክንዱን ያዝኩት። እስከ ቤት እኔ መራሁት። ጎረቤት እንዳይጠረጥር መንደራችን ስንደርስ የምንጨዋወት አባትና ልጅ ለመምሰል ብለን ዝም ብለን ሳቅን። ያ ሳቅ እስከ አሁን ያመኛል።

«ኢቭኒንግን» በረንዳችን ላይ፣ የጎረቤት መብራት አንድ በአንድ ሲበራ ተማርን። የቀረችው አንዲት ቃል ነበረች፤ «ሚድናይት»። እሷን መማር አልተቻለም። ሰዓት እላፊ ነዋ! በዚያ ሰዓት ደጅ ቆሞ ሰማይ የሚያይ ሰው ሰማይ እያየሁ ነው ቢል ማን ያምነዋል? አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መንፈቀ ሌሊትን መንግሥት ወስዶታል» አለኝ።

«እዚሁ ሳሎን ተቀምጣችሁ በሉትና ይለቅ!» አለች እናቴ።

«ጣራ ሥር ሌሊቱ ሁሉ አንድ ነው። ይቺ ትቆያት።»

እናም ቆየችኝ።

ሚያዝያ ገባ። ያን ዓመት አባቴ የጠዋት ፈረቃ ነበር። የበልግ ዝናብ አንድ ጠዋት ከተማውን ጥቁር ደመና አለበሰው፤ ቤት ውስጥ መብራት አብርተን ነው ቁርስ የበላነው። አባቴ መንገዱን ለምዶታልና ብቻውን ሄደ። የሆነውን የነገረችኝ እዚያው ክፍል የምትማር የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ እያለቀሰች።

እንደተለመደው ገባ። ልጆቹ ብድግ አሉ። አባቴ ቀድሟቸው «ጉድ ኢቭኒንግ ክላስ» አለ። ጠዋት መሆኑን እያወቀ ነው፤ ግን ዕድሜ ልኩን ምላሱን ያስለመደው ብርሃኑን አይቶ እንዲናገር ነው። ምላሱ ያየውን ተናገረ። ከዚያ ከኋላ አንድ ልጅ፣ ለመሳደብ ሳይሆን ሕጉ ሕግ ነው ብሎ፣ «ቲቸር፣ ይውጡና ይመለሱ» አለ።

አባቴ ወጣ። ዝናቡ ውስጥ፣ ሜዳው ላይ፣ ተማሪዎቹን በሚያቆምበት ቦታ ቆሞ ፊቱን ወደ ሰማይ አቀና። ልጆቹ በመስኮት ተንጠልጥለው ያዩታል። ብዙ ቆመ። ካፖርቱ ረጥቦ ተመለሰና በሩ ላይ ቆሞ፣ በአማርኛ፣ «ልጆች፣ ለእናንተ ሞርኒንግ ነው። ተቀመጡ» አለ።

ማንም አልሳቀም። ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል።

ክፉ ሰው አልነበሩም። «ዓመቱን ይጨርሱልን፤ ከዚያ በክብር እንሸኝዎታለን» አሉት። አባቴ ይህን ሲነግረን ድምፁ ደህና ነበር። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋ። እናቴ ያን ቀን አልቀለደችም። እኔ ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ አላውቅም፤ በደመናው፣ በልጁ፣ በዳይሬክተሩ፣ በአባቴም ጭምር። ሌላው መምህር እንደሚያደርገው ዝም ብሎ ዜማውን ቢቀበል ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር? ከሰኔ በኋላ ደመወዙ የለም። ፈተናውን ካላለፍኩ ቤታችን ምን እንደሚሆን ለማሰብ አልደፈርኩም።

ፈተናው የሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ፣ ጠዋት ነበር። ጠረጴዛው ኋላ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅና ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት ወይዘሮ ተቀምጠዋል። ወይዘሮዋ እንግሊዝኛቸው እንደ ውሃ የሚወርድ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ነበሩ። አንብቢ አሉኝ፣ አነበብኩ። ራስሽን አስተዋውቂ አሉኝ፤ እየተንተባተብኩም ቢሆን አለፍኩት። ከዚያ ወይዘሮዋ፦

«አሁን መሽቷል እንበል። እንግዳ ደርሷል። ተቀበዪው» አሉ፤ ራሳቸውን እንደ እንግዳ አድርገው።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ከመስኮቱ ባሻገር ሐይቁ የጠዋት ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል፤ ወፎቹ ይንጫጫሉ፤ ሞርኒንግ ነው፤ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ሞርኒንግ ነው። «ኢቭኒንግ» የሚለውን ቃል በዚህ ብርሃን መጥራት አልቻልኩም። ከወራት ጀምሮ በልማድ የተዘጋ በር እንዴት አሁን ልክፈተው? ይታያችሁ፤ የቤታችን ዕጣ በአንዲት ቃል ላይ ቆሟል፣ ቃሏን ደግሞ ከማንም በላይ አውቃታለሁ።

«ቃሉ ጠፋሽ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ኧረ አልጠፋኝም ጓድ። ሰዓቱ ነው የጠፋኝ።»

ተያዩ። እኔ ላብ አጥምቆኝ ዙሪያዬን አየሁ፤ መስኮቶቹ ላይ እስከ ወለል የሚደርስ ወፍራም መጋረጃ ተንጠልጥሏል።

«መጋረጃውን ልዝጋው?» አልኩ።

ወይዘሮዋ ቅንድባቸውን አነሡ፤ ግን «ዝጊው» አሉ።

አንድ በአንድ ሳብኩት። አዳራሹ ደበዘዘ። ዞር ስል የሰዎቹ ፊት ጠፍቷል፤ የሥራ አስኪያጁ መነጽር ብልጭታ ብቻ ቀርቷል፤ የጠረጴዛው ጠርዝ የት እንደሚያልቅ አላውቅም። ውጭ ወፎቹ ጠዋታቸውን ይጮኻሉ፣ ውስጥ መሽቷል። አባቴ ያን ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ያየው ይህ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በእርሱ ላይ ተናድጄ መክረሜ አንገበገበኝ። እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ ጨለማ ነው። እጄን ዘርግቼ አንድ እርምጃ ቀረብኩና፣

«ጉድ ኢቭኒንግ ማዳም። ዌልካም» አልኩ።

ከጨለማው ውስጥ ወይዘሮዋ «ጉድ ኢቭኒንግ» ብለው መለሱልኝ። ቀጥለው ስለ ክፍል፣ ስለ ቁርስ፣ ስለ ሻንጣ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። ሲያበቁ «በይ አሁን አንጊው» አሉኝ፤ መጋረጃውን ከፈትኩት። ያ የማይፈታ ፊታቸው እየሳቀ ነበር።

መቀጠሬ በተነገረኝ ቀን ሮጬ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት፤ ስለ መጋረጃውም አወራሁት። እናቴ እልል አለች። እሱ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ፦

«ጠዋት ላይ ኢቭኒንግ አልሽ?» አለኝ።

«መጋረጃ ዘግቼ ነው እኮ።»

አሰበበት፤ እንደ ዳኛ። «መጋረጃ ከተዘጋ ይሆናል» አለና ያን ጊዜ አቀፈኝ።

የተመደብኩት የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው። የሆቴሉ መኪና የይለፍ ወረቀት ይዞ ሊመሽ ሲል ይወስደኛል፣ ጠዋት ይመልሰኛል። በመጀመሪያው ቀን ስመለስ አባቴ በረንዳው ላይ እየጠበቀኝ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ስለነበር ከዚያ በኋላ ቦታው ያ በረንዳ ሆነ።

«አየሻት?» አለኝ። የቷን እንደሚል ገባኝ፤ መንግሥት የወሰዳትን ሰዓት ነው።

«አየኋት።»

«በይ አስተምሪኝ። እኔ አዋሳ ላይ ቆሜ አይቻት አላውቅም።»

ስለ ጨረቃው ልነግረው ጀመርኩ፤ በእጁ አቋረጠኝ። «የሚታየውን ተዪው። ምን ይሰማል?» አለ። እኔም ጉማሬው ከሐይቁ ወጥቶ ሣሩን ሲነጭ እንደሚሰማ፣ እንቁራሪቶቹ ድንገት ሁሉም አብረው ዝም እንደሚሉ፣ ዘበኛው ብቸኝነቱ ሲጠናበት ሆን ብሎ እንደሚያስል፣ ውሃው በቀን የማይሸት ጭቃ ጭቃ የሚል ሽታ እንደሚያመጣ ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ቃሏን ግን አልጠራኋትም፤ ሰዓቷ አልነበረማ። እሱም አልጠየቀኝም።

ቀስ በቀስ ያቺ የቀረችው ብርሃንም ሄደች። አባቴ ግን ሰዓቱን አልተወም። የጋሪ ፈረስ ኮቴ፣ የትምህርት ቤት ደወል፣ የአባ ኮዳዎቹ የክንፍ ድምፅ፣ የጎረቤት ሽንኩርት ጥብስ ሽታ፣ በነዚህ ቀኑን ከፋፍሎ ይዞት ነበር። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ረፋድ ላይ ዓሣ ይዞልን ሲመጣ ደጃፉ ላይ «መምህር! ዶን የታለች?» ይላል፤ አባቴም «ተኝታለች፣ የሌሊት ሠራተኛ ናት» ብሎ ይስቃል። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ማምሻውን ሆነ ብለው በአጥሩ ላይ ተንጠላጥለው «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» ይሉታል፤ «ውጡና ተመለሱ!» ብሎ ሲጮህ ለመስማት። አጥር ላይ ካሉ ወዴት ነው የሚወጡት? ግን ይሄዳሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ፣ አስተካክለው ይላሉ። እነዚያ ዓመታት ሰዉ ሁሉ የሚሳቀቅባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ልጅ ለጦርነት ይታፈሳል፣ ስብሰባው አያልቅም። የኔ ትዝታ ግን በዚያ በረንዳ ዙሪያ ይሞቃል። ምን ላድርግ፣ ናፍቆት ፍትሐዊ አይደለም።

ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ዓመት አባቴ ታመመ። ደረቱ ነበር። ሌሊቱን ሲያስል ያድራል፤ ሐኪሙም ለእናቴ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አልነገራትም። የታመመ ሰው ንጋት ይናፍቃል፤ ሲነጋ ትንሽ ቀለል ስለሚለው አባቴም ንጋትን ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ከሆቴሉ ፈቃድ ወስጄ አጠገቡ ሆንኩ።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እናቴ ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ብቻችንን ነበርን። ሲያንቀላፋ ቆይቶ ነቃ። ፊቱን ወደኔ አዞረና፦

«ነጋ?» አለኝ።

ያን ፊት ብታዩት እናንተም ትዋሹ ነበር። ጓጉቶ ነበር። ገና ሌሊቱ በሙሉ ከፊቱ እንዳለ ልነግረው አልቻልኩም።

«አዎ አባዬ» አልኩት። «ዶን ነው።»

በሕይወቴ ያን ቃል ያለ ሰዓቱ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ አዳመጠ። ውጭ ደጃችን ያለው ሾላ ላይ ወፎቹ ለማደር ቦታ ይሻማሉ፤ ከጎረቤት የሽንኩርት ጥብስ ይሸታል፤ የሆነ ቤት የራዲዮ ዜና ይጀምራል። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ያቺ የመምህር ፈገግታ መጣች።

«ውጪና ተመለሺ» አለኝ።

ወጣሁ። በረንዳው ላይ፣ እሱ በሚቀመጥበት ወንበር አጠገብ ቆምኩ። ሰማዩ ወደ ሐይቁ በኩል ደም መስሎ እየጠቆረ ነው፤ የጎረቤት መብራት አንድ በአንድ ይበራል። አልቅሼ ፊቴን በነጠላዬ ጠረግኩ። ተመልሼ ገብቼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ።

«ጉድ ኢቭኒንግ፣ ቲቸር» አልኩት።

«ሲት ዳውን» አለኝ።

ተቀመጥኩ። እጄን ያዘ። እናቴ ተመልሳ በወዲያኛው ጎን ተቀመጠች።

ጎህ ሲቀድ እጁ እጄ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር። እናቴን አቀፍኳት፤ ጎረቤቶች ልቅሶውን ሰምተው ሳይመጡ በፊት ወደ በረንዳው ወጣሁ። ከሐይቁ ማዶ የተራሮቹ ጫፍ እየነጣ ነበር። ሰዓቱ ስለነበር ቃሉን አልኩት።